ጋሽ ልክ እና ሁለተኛው ቁልፍ

የጫማ ሠሪው እውነተኛ ስም በሰፈሩ ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁሉም የሚጠራቸው «ጋሽ ልክ» እያለ ነው። ሥራቸው እንደ ሌላው ጫማ ሠሪ አይደለም። አንድ እግሩ ያጠረበት፣ ጣቱ የተቆረጠበት፣ ተረከዙ የዞረበት ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚራመደው በእርሳቸው እጅ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲያልፍ ከመቀመጫ መነሳት ይገባል፤ ይህን የምለው ሳላጋንን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን እኒህ የተከበሩ ሰው ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ከሱቃቸው ወጥተው፣ ሱቃቸው ካለበት ሕንጻ ደረጃ ሥር ቆመው ከስልካቸው ጋር ይጣሉ ነበር።

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ! ስንቴ ልንገርህ?»

ከላይኛው ፎቅ እየወረደች የነበረች የሱቅ ጎረቤታቸው ልጅ ሰማቻቸው። በአንድ ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል የምትሠራ፣ ብዙ ተምራ ያልኮራች ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ደኅና አደሩ? ከማን ጋር ነው?»

«ከዚህ ጉድ ጋር ነዋ! ኢሜይሌን ልክፈት ብል ፓስዎርድ አምጣ አለኝ፤ ሰጠሁት። አሁን ደግሞ በመልእክት የላክሁልህን ስድስት ቁጥር ካላመጣህ ይለኛል። ቁጥሩ የሚሄደው ቤት ወዳለው አሮጌ ስልክ ነው። ለባለቤቴ እደውላለሁ፤ መነጽሯን ትፈልጋለች። መነጽሩ ሲገኝ መልእክቱን አገኛለሁ ብላ ስልኩን ስትነካካ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። እንደገና ደውላ ስታነብልኝ ደግሞ ጊዜው አልፏል ይለኛል። ዛሬ ይሄ ሦስተኛዬ ነው!»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አንዴ ከገቡ በኋላ ባይወጡ እኮ በየጊዜው አይጠይቅዎትም።»

«ደጄን ክፍት ትቼ ሄጄ አላውቅም። ጨርሼ ስወጣ ዘግቼ ነው የምወጣው።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አንዲት መምህርት ወደ አዲስ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ጫማዋን ልትወስድ ትመጣለች። ግራ እግሯ ከቀኟ ያጥራል፤ ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ ሐኪሟ እንደገና ለክቶ አዲሱን ልክ በኢሜይል ልኳል። ሶሉ በአሮጌው ልክ ከተቆረጠ ያቺ ሴት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቆመው ወገቧን ይዛ ነው። ቆዳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ቢላዋው ተስሏል፤ ልኩ ግን አልተገኘም።

«ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ይህን ስድስት ቁጥር የሚሉትን ሁለተኛ ቁልፍ አውልቂልኝ። አንዱ ይበቃኛል።»

«ማውለቁስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ ጫማውን ይሰጡታል?»

«ምን ሲደረግ! ባለ ጫማው ራሱ መጥቶ፣ አጥልቆ፣ ዓይኔ እያየ እስከ በሩ ካልተራመደ ጫማ ከሱቄ አይወጣም። ይህን የማያውቅ ደንበኛ የለኝም።»

«ደረሰኙ አይበቃም?»

«ደረሰኝ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። እግር ግን...»

«ፓስዎርዱ ደረሰኙ ነው፣ ጋሼ። ስድስቱ ቁጥር ደግሞ እግሩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረታ ነበር። እርሳቸው ግን በቀላሉ እጅ አይሰጡም። «ይሁን። የእኔን ደረሰኝ ግን ማን አግኝቶት?»

«ፓስዎርዱን አይንገሩኝ፤ ከምን እንደወሰዱት ብቻ...»

«የሱቁ ስልክ ቁጥር ነዋ! እንዳልረሳው ብዬ።»

ልጅቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከሱቁ በር በላይ በተሰቀለው ታፔላ፣ ከተሳለው ጫማ ሥር፣ ያው ቁጥር ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ ሆኖ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ጋሽ ልክም ዓይኗን ተከትለው አዩት። አንባቢ ለመሳቅ አይቸኩል፤ የልደት ቀናችንን ፓስዎርድ ያደረግን ብዙዎች ነን።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሽ ልክ እጃቸው ማስቲሽ ስለነካው ድምፁን ከፍ አድርገው ደረጃው ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ አበዛኸው! ሌላ ቁጥር መጣ።»

«እኔ አልጠየቅሁም። ስልኩን ከነካሁ ቆይቻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ልጅ ማነው? ከኢሜይል ድርጅቱ ነኝ ብሎ ደወለ። እማማ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ ይላል፤ እንዴት ያለ ትሑት መሰለህ! መነጽሬን እስካመጣ ቆይተህ ደውል ብዬዋለሁ። ይኸው መልሶ እየደወለ ነው። ልስጠው?»

«እንዳትሰጪው!»

«ምን ያስጮህሃል? ስልክ በተደወለ ቁጥር ማንበብ ያስለመድከኝ አንተ!»

እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንብቢልኝ» እየተባሉ የኖሩ ሴት፣ ዛሬ ለትሑት ሌባ ቢያነቡ በምን ይወቀሳሉ?

ጋሽ ልክ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እዚያ ውስጥ እኮ የሰው እግር ፎቶ አለ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ለገዛ ባሏ ሳታሳይ የኖረች ሴት እኔን አምና የላከችው አለ። አሁን ሰውዬው ፓስዎርዱን አግኝቶታል ማለት ነው?»

«አግኝቶታል፤ ፓስዎርዱ ልክ ባይሆን ቁጥሩ አይላክም ነበር። መግባት ግን አልቻለም።»

አውልቂልኝ ያሉት ቁልፍ ምን እንዳስቀረላቸው ልጅቱ አልነገረቻቸውም፤ ጨዋ ናት። እርሳቸውም አላስፈለጋቸውም።

«በመመላለሱ መማረርዎ ልክ ነው» አለች አጠገባቸው ተቀምጣ። «ግን ችግሩ ቁልፉ አይደለም፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የሱቅዎን ቁልፍ ቤት ትተው ሥራ ይገባሉ?»

ባለቤታቸው ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ ቁጥር አነበቡ፤ በሩ ተከፈተ። ፓስዎርዱ ከእርሳቸው በቀር ማንም በማይገምተው ረጅም ዓረፍተ ነገር ተቀየረ። ቁጥር የሚያወጣ መተግበሪያ በያዙት ስልክ ላይ ተጫነ፤ መልእክት መጠበቅ ቀረ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ቁጥሩ እዚያው እጃቸው ላይ ይወጣል። ስልኩ የጠፋ ዕለት የሚያገለግሉ ቁጥሮችም በወረቀት ተጽፈው ቤት ካለው ሣጥን እንዲገቡ ተባለ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ የሐኪሙን ደብዳቤ ከፈቱ። አዲሱ የእግሮቿ ልዩነት ስምንት ሚሊ ሜትር ነበር።

«ስምንት!» አሉ ጋሽ ልክ፤ ቢላዋቸውንም አነሡ።

በማግስቱ መምህርቷ እስከ በሩ ተራመደች፤ ተመልሳም ተራመደች፤ ሦስተኛ ጊዜ የተራመደችው ደስ ብሏት ነው። ይህን ያየው ጎረቤታቸው መነጽር ሻጭ እግረ መንገዱን ስለ ስድስቱ ቁጥር ማማረር ሲጀምር ጋሽ ልክ አላስጨረሱትም።

«ስማ፣ እኔም እንዳንተ ስሳደብ ነበር። አሁን አሥር ሴኮንድ ይፈጅብኛል። በዚያች አሥር ሴኮንድ የስንት ሰው አደራ እንደሚጠበቅ ታውቃለህ? ፓስዎርድህን ሌባ ቢያገኘው እንኳ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ቁጥሩን ግን ለማንም አታንብብ፤ ከድርጅቱ ነኝ ቢልህም፣ እማማ ብሎ ቢያቆላምጥህም። ይልቅ ና፣ ያንተንም ላስተካክልልህ።»

ትናንት አውልቁልኝ ይሉ የነበሩ ሰው ዛሬ ለሌላው ይገጥማሉ! መማር በዕድሜ እንደማይወሰን ለማየት ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ወደ ቤት የሚደውሉበት ምክንያት ቀረና ሱቁ ጭር አለባቸው። ሦስት ቀን ቻሉት፤ በአራተኛው ደወሉ።

«ቁጥር ፈልጌ አይደለም። እንዲያው እንዴት ዋልሽ ልልሽ ነው።»

«እንዲያው ብሎ የሚደውል ባል የለኝም። አንተ መሆንህን በምን ልወቅ?»

«ድምፄን አታውቂውም?»

«ድምፅ አንዱ ቁልፍ ነው። ሁለተኛውን አምጣ።»

ጋሽ ልክ ግራ ቀኙን አዩ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። «የሠርግሽን ጫማ አጥብቤ ሠርቼ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግርሽ ያስጨፈርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንተው ነህ» አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ። «በል፣ ግባ።»