ጎማ የሚያጠጡት አጎት

ጋሽ ጥሩምባ ቁልቁለቱን በጨረሱ ቁጥር መኪናቸውን ውሃ ያጠጣሉ። የሚያጠጡት ሞተሯን አይደለም፤ እግሯን ነው። ጀሪካን ይዘው ወርደው የፊት ጎማዎቿ እምብርት ላይ ያንቆረቁሩባታል። እንፋሎቱ ቡፍ ሲል ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ድልድይ ሥር ያሉ እንቁራሪቶች ዘመን የተለወጠ መስሏቸው ጸጥ ይላሉ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ነድተው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ከፍሬን ይልቅ በጥሩምባ ስለሚያምኑ። ጥሩምባቸው ሲነፋ በወዲያኛው መንደር ያለ አህያ ጭነቱን ራሱ አራግፎ ይሄዳል ይባላል። መኪናቸውም አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ዕድሜዋን የማትናገር አሮጊት ናት።

አንድ ማክሰኞ ጀሪካኑን ዘቅዝቀው ሳለ፣ ድልድዩ ጋ ከቆመ አውቶቡስ የእኅታቸው ልጅ ወረደች። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመኪና ጥገና ተመርቃ ልትጠይቃቸው መምጣቷ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? ምን እየሠሩ ነው?»

«እግዜር ይመስገን፣ ተማሪዋ! ይቺ አሮጊት ቁልቁለት ስትወርድ እግሯ ይግላል። አንድ ቀንማ የፍሬን ዲስኳ ላይ በቆሎ ጠብሻለሁ።»

«በሰለልዎ?»

«አረረ እንጂ!»

ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። «ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ እግርዎ ሥር ይንቀጠቀጣል?»

«ይንቀጠቀጣል። እርጅና ነዋ! የኔስ እጅ ይንቀጠቀጥ የለ?»

«አጎቴ፣ በዚህች መኪና ሰው አይጫን።»

ጋሽ ጥሩምባ ፊታቸው ጠቆረ። ሐሙስ ጠዋት ሚስታቸውን ይዘው ይህንኑ ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። ሁለቱም ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ ስድስት ወር የጠበቀችው የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነው፤ ካለፈ ሌላ ስድስት ወር መጠበቅ ሊኖርባት ነው።

በማግስቱ ልጅቱ «ዲስኩን ፈትቼ ልየው» ብላ ክርክሩ ግቢ ውስጥ ቀጠለ።

«የምትሄድ መኪና ፈታትቶ ሐሙስን ማሳለፍ ምን የሚሉት ዕውቀት ነው?» አሉ ጋሽ ጥሩምባ።

«የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱ ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል። ብረት ግን ብርጭቆ አይደለም።»

«ብረትም ይደነግጣል፣ አጎቴ። ግማሹ ሲቀዘቅዝ ግማሹ እንደጋለ ይቀራል፤ ይጣመማል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል።»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው ያጠጣኋት!»

«ከተወለድኩም በኋላ ጠጥታለች፤ የምሰጋው ለዚህ ነው።»

«ደግሞስ ዲስኩን ሦስት ጊዜ ብረት ከሚላጭበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጭቼዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ የተላጨማ ሳስቷል። ውፍረቱ ከስንት በታች መውረድ እንደሌለበት ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል።»

ሚስታቸው ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ፣ «ተዋት ትፍታው፣ አንተ ሰውዬ» አለች። «እኔ ዓይኔን ለሐኪም ልሰጥ ነው፤ አንተ ጎማ መስጠት ከበደህ?»

ጋሽ ጥሩምባ የመኪናዋን ቁልፍ ለልጅቱ አቀበሉ። ልጅቱ ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት አዲስ ዲስኮችና ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ይዛ መጣች። ከኋላዎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወሽቃ፣ የፊቱን ጎማ ማሰሪያ ዳዶዎች ገና ጎማው መሬት ላይ ሳለ አላላች። መኪናዋን በክሪክ አንሥታም ከሥሯ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ደገፈች። «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» አለች። አጎትዬው ዲስኩን ጨምድዶ የሚይዘውን ካሊፐር በፍሬን ዘይት ቱቦው አንጠልጥለው ሊተዉት ሲሉ ቀድማ በሽቦ አሰረችው። «ሰው በጉሮሮው ይንጠለጠላል እንዴ?»

ዲስኩ በዚያች መኪና ከጎማው እምብርት ጀርባ የታሰረ ነውና፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሁሉ ወጥቶ ነው የተለየው። ጋሽ ጥሩምባ በጨርቅ ወለወሉት። «የታለ ስንጥቁ? ዓይን የለኝም?»

«እስቲ ወደኔ አምጡት» አለች ሚስታቸው።

አዲሱንም አሮጌውንም ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በገመድ አንጠለጠሉላት። ማንኪያ ተቀብላ አዲሱን መታችው፤ «ድንንንን» ብሎ ግቢውን ሞላ። አሮጌውን መታችው፤ «ድፍ» አለ። ደገመችው፤ አሁንም «ድፍ»።

«ይሄ ማሰሮ ቢሆን ገበያ ላይ አልገዛውም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ተሰንጥቋል።»

ልጅቱ አሮጌውን ነጭ ጋዝ ቀባችው፤ ቆየት ብላ አድርቃ ጠረገችውና የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰችበት። ጥቂት እንደቆዩ፣ ስንጥቁ የጠጣው ጋዝ በነጩ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ከጠርዙ እስከ መሃሉ እየረጠበ ወጣ።

ጋሽ ጥሩምባ ወደ ዲስኩ ጎንበስ አሉ። ያዩት ዲስኩን አልነበረም፤ ሐሙስ ጠዋትን፣ የመጨረሻዋን መታጠፊያ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ እሳቸውን የምታምነውን ሴት ነበር።

«እኔ ነኝ የሰነጠቅሁት» አሉ በመጨረሻ። «በገዛ ጀሪካኔ።»

«ሳያውቁ ነው፣ አጎቴ።»

«ገደል አወቅህ አላወቅህ ብሎ ይጠይቃል?» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ አስተምሪኝ።»

ሁለቱን ዲስክ አንድ ላይ ለወጡ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪና ወደ አንድ ጎን ይጎትታልና። ከማሰራቸው በፊት የአዲሶቹን ከዝገት መጠበቂያ ዘይት አጠቡ፤ ኩሽኔታውን አጽድተው አዲስ ግራሶ ቀቡት። ከግቢ ከመውጣታቸው በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ረገጡት፤ ከዚያም ሜዳው ላይ በዝግታ እየነዱ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው እየያዙ አለማመዱት።

«ቁልቁለቱንስ ያለ ውሃ በምን ልውረደው?»

«ለመውጣት በሚያስገቡት ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ ይይዝልዎታል፤ ፍሬኑም አይግልም።»

ሐሙስ ጠዋት እንደተባሉት ወረዱ። ፔዳሉ አልተንቀጠቀጠም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ልማድ ሆነባቸውና ቆመው ጀሪካኑን አወረዱ። ጎማው ሥር ጭስ የለም። ወደ ሚስታቸው መስኮት ዞሩና በኩባያ ቀዱላት። «ጠጪ» አሉ፤ «ውሃ ለሚጠማው ነው።»

የዓይኗ ፋሻ ከተፈታ በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችው አሮጌውን ዲስክ ነበር። ጠመኔው አልረገፈም። በጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«አንተ ዓይናማ፣ ይቺን ነው ያላየሃት?»

ዛሬ ያ ዲስክ ድልድዩ ጋ ካለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጀሪካን ይዞ የሚወርድ ሾፌር ሲያዩ ጋሽ ጥሩምባ ጥሩምባ አይነፉም፤ ዲስኩን በድንጋይ ይመቱታል። «ድፍ» ይላል።

«ስማው» ይሉታል። «እኔ ሠላሳ ዓመት አልሰማሁትም።»