በወ/ሮ የሺ እግር ላይ ስለፈሰሰው የብር ውሃ

የምስክር ስም፦ ኡበይደላ ጀብሪል ሰይድ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የጥበቃ ሠራተኛ
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ ዞን፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ዳዊት አለሙ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ነው። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ምክንያቱም ተመራማሪዋ ወ/ሪት ህሊና አማኑኤል የሰው እግር በኬሚካል አበላሽታለች ተብላ ከጥር 5 ቀን ጀምሮ መያዟን በመስማቴ ነው። ፈሳሹን በወ/ሮ የሺ ታደገ እግር ላይ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። ወ/ሪት ህሊና በቦታው አልነበረችም። ነገሩን ከመነሻው እናገራለሁ።

ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ወ/ሪት ህሊና በመርሳ ከተማ በተከራየቻቸው ሁለት የምርምር ክፍሎች በጥበቃ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሥራዬ በር መጠበቅ ቢሆንም ቀን ቀን ከበሩ ይልቅ የውስጡን ሳይ እውል ነበር። ወ/ሪት ህሊና የኒም ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ታጠልልና ብር ከሟሟበት ውሃ ጋር ትቀላቅለዋለች። መጀመሪያ ብር ስትል የኪስ ብር መስሎኝ ነበር። የአንገት ጌጥ የሚሠራበት ብር መሆኑን አስረዳችኝ። ድብልቁ ሲቀላቀል እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቢጫ፣ ከዚያም እንደ ወፍራም ሻይ ይሆናል። ምንም ቀለም ሳይጨመርበት መጥቆሩ ስላስገረመኝ ጠየቅኋት። የብሩ ቅንጣት እየተሰባሰበ መሆኑን፣ የጤፍን ፍሬ ርዝመት ሃምሳ ሺህ ቦታ ብንቆርጠው አንዷ ቁራጭ የዚያን ቅንጣት እንደምታህል ነገረችኝ። አላመንኋትም። የማይታይ ነገር እንዴት ይለካል አልሁ። ያን ጊዜ ቀይ ጨረር የምትተፋ እስክሪብቶ የምታህል መብራት አወጣችና በንጹህ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አሳለፈችው። ውሃው ውስጥ ምንም አልታየም። በፈሳሹ ውስጥ ስታሳልፈው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ክር ተወጠረ። ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው አለችኝ። ያን ቀን የምሳ ሰዓቴን ሁሉ በዚያ መብራት ስጫወት አሳለፍሁ።

ፈሳሹ የሚሠራው የቲማቲም ቅጠል ለሚያደርቅ በሽታ ነበር። ሙከራው ይካሄድ የነበረው በግራና አካባቢ በወ/ሮ የሺ ታደገ የመስኖ ማሳ ላይ ነው። ወ/ሮ የሺ ባሏ የሞተባት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት አምርታ የምትኖር ሴት ናት። ወ/ሪት ህሊና አንዱን መደብ ትረጭና ቀጣዩን ሳትረጭ ትተወዋለች። ወ/ሮ የሺ በዚህ ትቆጣ ነበር። “ያንን አድናችሁ ይህንን ለምን ትገድሉብኛላችሁ?” ስትል ወ/ሪት ህሊና “ይህኛው ከሌለ የዚያን መዳን በምን እናውቃለን?” ብላ መለሰችላት። ወ/ሮ የሺም “እንዲያስ ከሆነ የሚሞተውን እኔ ልምረጥ” አለች፤ ተሳሳቅን።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም ውጊያው ወደ ወልዲያና መርሳ ሲቃረብ ወ/ሪት ህሊና ወደ ደሴ ወጣች። መኪና ላይ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ወርዳ “ጋሼ፣ ዕቃው ቢዘረፍ ይዘረፍ፣ ነፍስዎን ያትርፉ። አንድ ነገር ግን ይማሉልኝ” አለችኝ። ያስማለችኝም ፈሳሹ ለቅጠል የተሠራ እንጂ በሰው ገላ ላይ ያልተሞከረ በመሆኑ፣ ማንም ቢለምነኝ እንዳልሰጥ ነው። ወላሂ ብዬ ማልሁ።

እርሷ በሄደች በሁለተኛው ቀን የከተማው ሰው ሲሸሽ እኔም ከባለቤቴ ከዘሀራ ጋር ወደ ግራና ወጣሁ። ወ/ሮ የሺ “ቤቴ እያለ የት ልትወድቁ ነው” ብላ ጓዳዋን ለቀቀችልን። ስወጣ ሦስት ጠርሙስ ፈሳሽ በአልሙኒየም ወረቀት እንደተጠቀለለ በጆንያ ይዤ ነበር። ይዘህ ና ያለኝ ሰው የለም። ሦስት ዓመት የለፋችበት ስለሆነ ጥሎ መሄድ አላስችል ብሎኝ ነው። ጠርሙሶቹን በወ/ሮ የሺ ጎተራ ሥር አስቀመጥኋቸው። በየሳምንቱ ጁምዓ ከሰገድሁ በኋላ አውጥቼ አያለሁ። ቀዩ መብራት ስላልነበረኝ በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ በምትገባው የፀሐይ ጨረር ላይ ጠርሙሱን አስጠጋለሁ። በሁለቱ ጠርሙሶች ውስጥ የብርሃኑ መንገድ ይታያል። የሦስተኛው ግን ጥቁር ዝቃጭ ወደ ታች ወርዶበት ከላይ ያለው ውሃ ባዶ ሆኖ ነበር። ቅንጣቶቹ ከተጣበቁ ፈሳሹ ሞቷል ስትል ሰምቼ ስለነበር ለይቼ ደፋሁት።

ጥቅምት 4 ቀን 2014 ዓ.ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከባድ መሣሪያ ማሳው ዳር ወደቀ። ወ/ሮ የሺ ውሃ እያጠጣች ነበር። ፍንጣሪው የቀኝ እግሯን ሁለት ቦታ መታት፤ አንዱ ከጉልበቷ በታች አውራ ጣት የሚያህል፣ ሌላው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ በመጠኑ ብዙም የማይለይ። ብረቱ ወጥቶ አልፏል፤ አጥንት አልነካም። ጤና ጣቢያው ሄድሁ፤ በሩ ተገንጥሏል፣ መድኃኒት ቀርቶ ጥጥ እንኳ አልነበረም። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በውርጌሳ በኩል ተዘግቷል። ባለቤቴ ዘሀራ ውሃ በጨው እያፈላች፣ ነጠላዋን ቀድዳ እየቀቀለች ጠዋትና ማታ ታጥብላት ጀመር። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ቁስሎች መሽተት ጀመሩ።

በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 8፣ ወ/ሮ የሺ ጠራችኝና “አንቱ፣ ያ የቲማቲሜ መድኃኒት ጎተራ ሥር የለም እንዴ?” አለችኝ። ማንም እንዳያውቅ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር። መሐላዬን ነገርኋት። ለቅጠል እንጂ ለሰው እንዳልሆነ፣ ሊጎዳት እንደሚችል ነገርኋት። ሰማችኝና “እግሬ እየሸተተኝ ነው ጋሽ ኡበይደላ። መሐላውን አላህ ይቅር ይልዎታል፤ እግር ግን አያበቅልልኝም” አለች። ዘሀራ አለቀሰች። እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምሁ። ወደ ወ/ሪት ህሊና ለመደወል ኔትወርክ አልነበረም። ስመለስ እሺ አልሁ።

መርማሪው “ካመኑበት ሁለቱንም ቁስል ለምን አልቀቡም?” ብሎ ስለጠየቀኝ የምመልሰው የሚከተለውን ነው። አላመንሁበትም፣ አልካድሁትምም። ፈሳሹ መርዝ ቢሆን ሁለቱንም ከማበላሸት አንዱ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ይህንንም ለወ/ሮ የሺ ነገርኋት። እርሷ “ገባኝ፤ አንዱን ርጩ፣ አንዱን ተዉት” ብላ የላይኛውን ቁስል በጣቷ አሳየችኝ። ስለዚህ ከጥቅምት 8 ጀምሮ ሁለቱም ቁስሎች በዘሀራ የጨው ውሃ ይታጠባሉ፤ የላይኛው ላይ ብቻ ፈሳሹን በንጹህ ጨርቅ ነክሬ አደርጋለሁ። በየቀኑ ያየሁትን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፍሁ። መግል፣ ሽታ፣ እብጠት፣ ትኩሳት እያልሁ ለእያንዳንዱ ቁስል ለብቻው ነው። የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

በስድስተኛው ቀን ፈሳሹ የነካው ቆዳ ዙሪያውን ጠቆረ። ደነገጥሁ፤ ሥጋው የሞተ መሰለኝ። በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርጋት ግን “ወይኔ!” ብላ ጮኸች። ስሜቱ አለ ማለት ነው። ወ/ሪት ህሊናም ብር ጣቷን እያጠቆረባት ጓንት ስታጠልቅ አይ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቢሆንም ላቁም ብዬ ጠየቅኋት። ወ/ሮ የሺ “ልትድሩኝ ነው? ጥቁረቱ ካላመመኝ ምን አገባኝ፣ ይቀጥሉ” አለች።

ሽታው በስምንተኛው ቀን ከሁለቱም ጠፋ። መግሉ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሁለቱም ቆመ። በየቀኑ አንዱ ይቀድማል እያልሁ በጠዋት ተነስቼ እሮጥ ነበር። በጨው ውሃ ብቻ የሚታጠበው ይበልጣል ብዬ የተኛሁበት ቀን አለ፤ ሲነጋ ደግሞ ሌላኛው ደርሶበት አገኘዋለሁ። ጥቅምት 28 ቀን ሁለቱም ገጠሙ። ሁለቱም በአንድ ቀን። ወ/ሮ የሺ ተነስታ እስከ ማሳዋ ሄደች። ዘሀራ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ግን ደስ እያለኝ ቅር አለኝ። ደጅ ተቀምጬ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብሁ፤ የተሳሳትሁበት ቦታ ግን አላገኘሁም። ለሰበርሁት መሐላ ሦስት ቀን ጾምሁ።

መንገዱ በታኅሣሥ ወር ከተከፈተ በኋላ ወ/ሪት ህሊና ጥር 1 ቀን ግራና መጣች። ሁሉንም ነገርኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። “ምለውልኝ ነበር እኮ ጋሼ! ብትሞትስ?” አለችኝ። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ዞራ ቀስ ብላ “የትኛው ቀድሞ ዳነ?” አለች። በአንድ ቀን አልኋት። ወረቀቱን ተቀብላ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። “ሦስት ዓመት የለፋሁበት ከዘሀራ የጨው ውሃ እኩል ወጣ ማለት ነው” አለች። እኔ እንግዲህ አይሠራም ማለት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት “አላውቅም። በአንድ እግር አይታወቅም። ዘሀራ ግን ትሠራለች” አለችኝ። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥር 3 ቀን የወ/ሮ የሺ ወንድም አቶ ሞላ ታደገ ከደሴ መጥቶ የእህቱን እግር ጥቁረት ሲያይ ለፖሊስ አመለከተ። አልፈርድበትም፤ ወንድሟ ነው፣ ጥቁር እግር አይቶ ዝም ማለት አልነበረበትም። ወ/ሪት ህሊና ስትጠየቅ “ፈሳሹ የእኔ ነው፣ ኃላፊነቱም የእኔ ነው” ብላ የእኔን ስም ሳትጠራ መቅረቷን ከአቶ ሞላ ሰማሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት። እርሷ ከልክላ እኔ ያደረግሁትን እርሷ ልትታሰርበት አይገባም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወ/ሮ የሺም ቃሏን ለመስጠት በእግሯ ከግራና ተነስታ መጥታ ውጭ ተቀምጣለች። በጋሪ ነይ ብትባል እንቢ ያለች እርሷው ናት፤ እግሬ መሄዱን ይዩት ብላ ነው።

የቀረውን አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ሳልከፍት ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመርማሪው ተነቦልኝ ሰማሁ። የጥቅምት 8ቱ አድራጎቴ በተጻፈበት ቦታ ላይ “መድኃኒቱን በንጹህ ጨርቅ ነክሬ” የሚል ቃል ስለገባ “ፈሳሹን” ተብሎ እንዲታረም ጠየቅሁ። መርማሪው ለውጡ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መድኃኒት መሆኑን ገና ማንም ስላላረጋገጠ ነው ብዬ መለስሁ። እርማቱ ተደርጎ በጎኑ ፈርሜበታለሁ። ከዚህ ውጭ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያደረግሁትን እንዳደረግሁት የተናገርሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኡበይደላ ጀብሪል (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ዳዊት አለሙ (ፈርሟል)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 5፡45