የዘገየ የምላጭ ድንጋይ

(ደሴ፣ ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ዘገየ ትቶት በሄደው ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሚስቱ ደብሪቱና የጎረቤት ሱቁ ፀጉር አስተካካይ ጋሽ ይመር በአንድ አሮጌ ድንጋይ ይከራከራሉ።)

ይመር፦ የበር ማስደገፊያ ነው አልኩሽ! ከቦርከና ወንዝ የተለቀመ ተራ ድንጋይ።

ደብሪቱ፦ ተራ ከሆነ ምነው ደረትዎ ላይ ለጠፉት?

ይመር፦ እ... የቤቴ በር አልቆም ብሎኝ። ስጪኝና ልገላግልሽ።

ደብሪቱ፦ ዘገየ ምላጩን የሚስለው በዚህ ነበር። ሱቁን ስከፍት በምን ልሳል?

ይመር፦ ማን? አንቺ? የደሴ ወንድ ጉሮሮውን ለሴት ሊሰጥ? «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል አልሰማሽም?

ደብሪቱ፦ የተረተው ወንድ ነዋ! ዘገየ እጁ ሲንቀጠቀጥ ጢሙን ማን ይላጨው ነበር?

ይመር፦ ባል ሌላ፣ ደንበኛ ሌላ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ይቀመጡ። በዚሁ ተራ ድንጋይ ስዬ ልሞክርብዎት። ካልሳለ የእርስዎ ነው።

ይመር፦ ቃልሽ ነው?

ደብሪቱ፦ የዘገየ አጥንት ይውጋኝ! ድንጋዩን ወዲህ ይበሉትና ምላጩን ልሳል።

ይመር፦ በይ ሳሙናውን አብዢው... ቀስ! ጀመርሽ እንዴ?

ደብሪቱ፦ ቀኙን ጨረስኩ።

ይመር፦ መቼ? ምንም አልተሰማኝም እኮ!

ደብሪቱ፦ ከቦርከና ነው አሉኝ? እንግዲህ ምላጩን አጥፌዋለሁ። ግራ ጉንጭዎ እውነቱን እስኪነግሩኝ ይጠብቅ።

ይመር፦ በአንድ ወገን ጢም ፒያሳ ልወጣልሽ? ታገሺኝ እንጂ! «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»።

ደብሪቱ፦ የሳሙና አረፋ ግን እያደር ይደርቃል።

ይመር፦ እሺ፣ እሺ! አገላብጪው። ላዩ ቅቤ የመሰለ ቢጫ፣ ታቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ሰው አይደለም ያጣበቃቸው፤ ከመሬት ሲወጡም እንደዚሁ ናቸው። ውሃ ጠብ አድርገሽ ብታሺው ወተት ይመስላል። ምላጭ ለመሳል ወደር የሌለው የቤልጅየም ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ዛሬ ከየት ይገኛል? ዘገየን ዕድሜ ልኬን ለመንኩት፤ እንቢ እንዳለኝ ሞተ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ምነው ዋሹኝ?

ይመር፦ ምን ልበልሽ! ቀብሩ ላይ ሰው ለዘገየ ሲያለቅስ፣ እኔ ለድንጋዩ ነበር የማለቅሰው።

ደብሪቱ፦ ለካ ለዚህ ነው ከእኔ በላይ የጮኹት!

ይመር፦ አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን በሞቴ፣ ግራውን ቶሎ ጨርሺልኝ፤ ደንበኞቼ ሱቄ ተዘግቶ አይተው ወደዚህ እየመጡ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ካዩኝ አለቀልኝ!

ደብሪቱ፦ ግቡ፣ ግቡ ወንድሞቼ! ጋሽ ይመርን እንደጨረስኩ ተራ በተራ እላጫችኋለሁ።