ሰኞ ይለሰናል የተባለው ግድግዳ

እስቲ ዝም በሉ፤ ብርጭቆውን ትንሽ አቆዩት። አንተነህ ነኝ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀጥ ያለ ግድግዳ ስታዩ የኔ ነው። ለዛሬው ሽኝት ንግግር ጽፈህ ና ተብዬ ነበር። እኔና ጽሕፈት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ተኳርፈናል፤ በአፌ እላለሁ።

አያ እንዳላማው ፎርማን ሆነው የመጡ ቀን ትዝ ይለኛል። ከባጃጅ ሲወርዱ "እንኳን ደህና መጡ" አልናቸው። "ደህና መምጣቴን ማን ነገራችሁ?" አሉን። ከዚያ ሰውን ሁሉ ትተው ሄደው የኔን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩ፤ ጆሯቸውን ለጠፉበት።

"ይኸን ማን ነው የገነባው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ለምን?"



እኒህን ሰውዬ ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳ የሚቀናበትን ቱምቢ በሌላ ቱምቢ የሚለኩ ሰው ናቸው። አሸዋ ሲመጣ በሃይላንድ ይጨምሩና ውሃ ሞልተው ይንጡታል፤ ከዚያ ጭቃው እስኪለይ ከፊቱ ቁጭ ነው። ሹፌሩ "አባቴ፣ ላራግፍ?" ሲላቸው "ቆይ፣ ገና አልተናገረም" ይላሉ። "ማን?" "አሸዋው።" ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። እትዬ ወለተ ሰንበት እዚህ አሉ፤ ሚስት ናቸውና ይመስክሩ። ወጡ ጨው አለው ሲሏቸው አምነው በልተው ያውቃሉ? ይኸው ሳቁ።

ጉዱ የመጣው ግን ደምበጫ በኩል ያለውን ትምህርት ቤት ስንጀምር ነው። ኢንጅነር ሶልያና ሰበሰበችንና "ጡብ እንተኩስ ካልን የአገሩ ባሕር ዛፍ ያልቃል። ሲሚንቶውም አባይን ተሻግሮ ነው የሚመጣ። እዚሁ ያለውን ቀይ አፈር ትንሽ ሲሚንቶ ቀላቅለን በማሽን እንጫነውና ብሎኬት ይሁን" አለች።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቄስ አምደሚካኤል ተነሡ። ይኸው እዚያ ተቀምጠዋል፤ ከዋሸሁ ያርሙኝ። "እኛ ልጆቻችን ከጭቃ ቤት ይውጡልን ብለን ለመንን" አሉ። "እናንተ ጭቃውን በማሽን ጨምቃችሁ መለሳችሁልን። ደግ ነገር ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልጀመራችሁትም?"

እውነት ለመናገር እኔም የጠረጠርኩት ይኸንኑ ነው። ሁላችን ወደ አያ እንዳላማው ዞርን።

"እኔ አፈሩንም ሲሚንቶውንም አላምንም" አሉ።

"እንግዲያ በምን እንሥራ?" አለች ኢንጅነሯ።

"በአፈሩ ሥሩት። ግን እየጠረጠራችሁ።"

መሠረቱን በድንጋይ እስከ ጉልበት አስነሡን። የጣሪያውን ጫፍ ክንድ ያህል ወደ ውጭ አስወጡን። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይነካ ነው። ኮሚቴው ይሁን አለ፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ በሲሚንቶ ይለሰን፤ ሰው ሲያየው የደንብ ብሎኬት ይምሰል። አያ እንዳላማው እንቢ አሉ። "አፈር የጠጣውን መልሶ መትፋት አለበት፤ አፉን አትድፈኑት።"

ለሙከራ ተብሎ አምና በዚያው ብሎኬት የሠራናትን የዘበኛ ቤት በኮሚቴው ትእዛዝ እኔ ለሰንኳት። መስታወት ነው ያደረግኋት፤ መንገደኛ ቆሞ ፀጉሩን ያበጥርባት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አያ መጡና በመዶሻ እጀታ መቷት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠች። ፈለቀቋት። በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከኋላ ያለው አፈር ሊጥ ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ልስኔ ምንም አልሆነም። የከዳው ግድግዳው ነው።

ኮሚቴው ደግሞ "የዘበኛ ቤቷ ጣሪያ አጭር ስለሆነ እንጂ ከልስኑ አይደለም" አለ። እንዲህ እየተባባልን ይኸው ግንቦት ደረስን።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልምጣ። አያ እንዳላማው ዛሬ ይሸኛሉ። ሰኞ ኮሚቴው ለልስን ያዘዘውን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመጣል። በቦታቸው ፎርማን የተደረግሁት እኔ ነኝ። ይኸን የምትበሉትን በግ ማን አመጣው? ኮሚቴው። መሠረት ስንጥል ውሃ ያላጠጡን ሰዎች ዛሬ በግ ጎትተው መጡ። ሽኝት ነው ወይስ ደስታ? ትናንት ደግሞ ቄስ አምደሚካኤል ትከሻዬን አቅፈው "አንተ እኮ ዘመናዊ ልጅ ነህ" አሉኝ። በሕይወቴ ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም፤ ልስኑን ፈልገው እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ።

እርስዎንም አላለፍኩዎትም አያ። ክረምት ሊገባ ሲል መሄድ ምንድን ነው? ዕድሜዬ ደርሶ ነው ይላሉ። እኔ ግን ግድግዳው ሲወድቅ ላለማየት ቢሆንስ ብዬ ዛሬ ጧት ጠየቅኋቸው።

"አያ፣ ሳይለሰን ክረምቱን ይቆማል?"

"አላውቅም።"

"ልለስነው እንዴ?"

"ፎርማኑ አንተ ነህ።"

ተናደድኩ። "አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር አምነው ቢሞቱ ምን አለበት?" አልኳቸው። ይቅርታ እትዬ፣ እንዲያ ነው ያልኩት። እሳቸው ባርኔጣቸውን አስተካከሉና "እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ የምማረው እኔ ብሆን አምነው ነበር" አሉኝ።



አያ እንዳላማው፣ እኔ ሰው ማመስገን አልለመድኩም፤ ብዙ ጊዜ የምመሰገነው እኔ ነኝ። ግን እርስዎ ከመጡ ወዲህ እኛ ሠርተነው ሰው ላይ የወደቀ ነገር የለም። ያፈረሱብኝን ግንብ ሁሉ መልሼ ስሠራው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር፤ ስሰድብዎት እየዋልኩ ማታ ዞሬ አየው ነበር። ስለዚያ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቴን ነው።

እንግዲህ ብርጭቆ አንሡ። ቄስ አምደሚካኤል፣ እርስዎም ያንሡ፤ የምናገረው ለእርስዎ ጭምር ነው። ሰኞ መኪናው ሲመጣ አላስራግፈውም። ግድግዳው እስከ መስቀል ራቁቱን ይቆማል። ዝናቡ ሲበረታ እርስዎና እኔ አብረን ሄደን በእጃችን እንዳስሰዋለን፤ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት። የርስዎን ነገር አምኜ አይደለም አያ፤ እርስዎንም አላምንዎትም። ሲሚንቶውን ግን የባሰ ጠረጠርኩት።

ጤና ይስጥዎ፤ ከእትዬ ወለተ ሰንበት ጋር ያስረጅዎ፤ የልጅ ልጅ ያሳቅፍዎ። ለመስቀል መጥተው ይዩት። ቆሞ ካገኙት፣ የገነባሁት እኔ ነኝ። ወድቆ ካገኙት፣ ሐሳቡ የርስዎ ነበር።

በሉ፣ ለአያ እንዳላማው ጤና።