ጣሪያው ላይ የወጣሁት ጭቃ ልመርግ አይደለም

የምስክሩ ስም፦ ኔክ ሙሐመድ ዩሱፍ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት ዓመት ግድም፣ በትክክል አያውቀውም
ሥራ፦ የጭቃ ግንብ ሠሪ
አድራሻ፦ ሄራት ከተማ፣ ሸማኔዎች ሰፈር፣ ከደረቀው ኩሬ ጀርባ
ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ፣ ሰንቡላ 11 ቀን 1377 (በአፍጋኒስታን አቆጣጠር)፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ የጣቢያው ጸሐፊ ዓብዱልወዱድ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ፣ ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር መጥቼ ነው። ባለፈው ወር፣ አሰድ 27 ቀን፣ በዚሁ ጣቢያ በተጻፈ ቃል ላይ አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ። ያ ቃል ልክ ስላልሆነ እንዲታረም እፈልጋለሁ። ጸሐፊው «ኔክ ወንድሜ፣ ወደ ቤትህ ሂድ፤ የተጻፈው ተጽፏል» ቢለኝም አልሄድኩም። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አልንቀሳቀስም ስላልኩት ሊጽፍልኝ ተገዷል።

ተከሳሾቹን ታውቃቸዋለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አሳምሬ አውቃቸዋለሁ ብያለሁ። ፈሪዱን የጥጥ ብርድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ግቢው ከእኔ ግቢ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሲያዋሽ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ክፍል ሊከራይ መጥቶ እዚያው ቀረ። ሰፈሩ የአክስቱ ልጅ ነው ይላል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። የአክስቱ ልጅ እንዳልሆነ ሰፈሩም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማንም ግን አፉን አልከፈተም። በሸማኔዎች ሰፈር የፈሪዱንን ብርድ ልብስ ሳይደርብ ክረምቱን የሚያልፍ ሰው የለም፤ ልጆቻችንን ማባዛትና ማካፈል ያስተማረውም ሲያዋሽ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ባለቤቴን ምጥ ይዟት መድፍ ሲዘንብ፣ አዝሎ አዋላጇ ቤት ያደረሳት ፈሪዱን ነው። እኔ ያን ጊዜ መውጣት ፈርቼ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጸሐፊው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢልም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

አሰድ 26 ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያዬ ላይ ነበርኩ። በፊተኛው ቃሌ ጣሪያ ልመርግ ወጣሁ ብዬ ነበር። ይህ ውሸት ነው። የመቶ ሃያ ቀኑ ንፋስ እየነፈሰ ጭድ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ እሱ ያበደ ነው፤ የሄራት ሰው ጣሪያውን የሚመርገው ንፋሱ ሲቆም ነው። ሁለቱን የከሰሱት የምግባር ተቆጣጣሪዎች ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ ስለሆኑ ይህን አላወቁም። ዓብዱልወዱድ ግን የዚሁ ከተማ ሰው ነው። ያን ዕለት እሱ በሌላ ጠረጴዛ የራሱን ሥራ ይጽፍ ነበር፤ «ጣሪያ ስመርግ» ስል ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

ከጣሪያዬ ሆኜ ያየሁት ይህን ነው። ፈሪዱን በግቢው ካለው የእንጆሪ ዛፍ ሥር ብርድ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ መርፌውን ክር የሚያስገባለት ሲያዋሽ ነው። ከዚያ ሲያዋሽ ጭንቅላቱን በፈሪዱን ጭን ላይ አድርጎ ተኛ፤ ፈሪዱንም በአንድ እጁ እየሰፋ በሌላው ዝንብ ይከላከልለት ጀመር። ሌላ ምንም አላየሁም። አይቼ የደበቅኩት ነገር እንዳለ ተጠይቄ የለም ብያለሁ። በመካከላቸው ስላለው ነገር ስጠየቅ ደግሞ፣ የዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ነኝ፣ ሲጣሉም ሲታረቁም ሰምቻለሁ፤ የእኔና የባለቤቴ ቤት እንደነሱ ሰላም ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር ብዬ መልሻለሁ። ጸሐፊው ይህን ልሰርዘው ወይ ብሎኝ አይሰረዝ ብያለሁ።

በዚያው ሰዓት የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ቃሪ ሰቡር ከሁለት ሰዎቹ ጋር የፈሪዱንን አጥር ዘሎ ገባ። ሁለቱን እየደበደቡ ሲያስሩ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ሽማግሌ፣ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። «ጭቃ እመርጋለሁ ጌታዬ» አልኩት። ርግቦቼ በዚያ ሰዓት አየር ላይ ነበሩ። ርግብ ማብረር መከልከሉን አውቃለሁ፤ እንዳይወርዱብኝ በልቤ እለምን ነበር። ልመናዬ ስለ ርግቦቼ እንጂ እታች ደም ስለሚተፉት ሰዎች አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ አፍራለሁ።

በማግስቱ ወደዚህ ጣቢያ ወሰዱኝ። የሚጽፈው የእነሱ ሰው ነበር። «ሁለቱን አይተሃል አይደል?» አለኝ፤ «አይቻለሁ» አልኩ። ማንበብ አልችልም። የጻፈው «ነውሩን ሲፈጽሙ በዓይኔ አየሁ» ብሎ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ጣቴን ያኖርኩት ቶሎ ለቀውኝ ወደ ቤት እንድሄድ፣ ጣሪያዬም እንዳይፈተሽ ብዬ ነው።

ሰንቡላ 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቃሪ ሰቡር በሬን አንኳኳ። «ሽማግሌ፣ ሥራ አመጣንልህ። ከከተማው ውጭ ሜዳው ላይ ግንብ ሥራልን፤ ከሰው ቁመት ይብለጥ፣ ለዓርብ ይድረስ» አለኝ። የማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ተሳሳቁ። «የጎረቤቶችህ ነው። ዓርብ ከሥሩ ይገባሉ፣ ትራክተሩ ከኋላ ይገፋዋል። ብዙ አታጥብቀው» አለኝ። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ አራተኛ ምስክር ባትሆነን ቃዲው እሺ አይለንም ነበር፤ ሦስት ብቻ ነበርን» አለ። ሠላሳ ዓመት ግንብ ስሠራ አታጥብቀው ያለኝ ሰው የለም።

የጭቃ ግንብ በአንድ ቀን አይነሣም። አንድ ዙር ተሠርቶ አድሮ ሳይጠነክር ሌላው አይጫንበትም። ሰኞ አንድ ዙር ሠራሁ፣ ማክሰኞ ሁለተኛውን። እምቢ ማለት ፈርቼ ነው የሠራሁት።

ማክሰኞ ከሰዓት የፈሪዱን እናት ቢቢ ሻህጉል ሜዳው ድረስ መጣች። ሴት ለብቻዋ መውጣት በተከለከለበት ጊዜ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ በእግሯ ነው የመጣችው። አራተኛው ምስክር እኔ እንደሆንኩ አታውቅም። ደረቅ እንጆሪ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታልኝ «ብላ እንጂ፣ ሥራው ከባድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ጭቃውን በእጇ ዳሰሰችና «ኔክ ልጄ፣ ጭዱን አብዛበት። ይቅለላቸው» አለች። ስትሄድ ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስለዚህ የሚከተለውን ቃል በራሴ ላይ እሰጣለሁ። እኔ ርግብ አብራሪ ነኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሥራ በሌለኝ ሰዓት ሁሉ ጣሪያ ላይ ነኝ። የሰው ርግብ አማልዬ አውርጃለሁ፤ ባለቤቱ ሲመጣ አላየሁም ብዬ ምያለሁ። አባቴም ርግብ አብራሪ ነበር። በወሰን ክርክር ሊመሰክር ቀርቦ የዚያን ጊዜው ቃዲ «ርግብ አብራሪ ጣሪያ ላይ ውሎ የሰው ግቢ ያያል፣ ስለ ርግቡም ይዋሻል፤ ቃሉ አይቆጠርም» ብሎ በሰው ፊት አስወጥቶታል። ሕጉ በኪታብ ያለ ነው፤ የዛሬው ቃዲም ከኪታብ ንቅንቅ አይልም ይባላል። አባቴ በዚያ ውርደት እስኪሞት አንገቱን ደፍቶ ኖረ። እኔ ያንኑ ውርደት ለራሴ እጠይቃለሁ። ቃሌ አይቆጠርም፤ ምስክሮቹ ሦስት ናቸው።

ጸሐፊው «ምን እንደሚያደርጉህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆኛል። የርግቦቹን አንገት ይቆርጣሉ፣ እኔን ይገርፋሉ፣ ያስራሉ፣ ስለ ሐሰቱም ሌላ ይጨምራሉ፤ አውቃለሁ ብያለሁ። «ርግቦቹን አስቀድመህ ብትለቃቸውስ?» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሃያ ሦስቱንም ለቅቄ ነበር፤ ከቤቴ ሳልወጣ ተመልሰው ጣሪያዬ ላይ ሰፍረዋል። ደግሞም ባይመለሱ ማን ያምነኛል? እንዲገኙብኝ እፈልጋለሁ።

ከተመለሱት አንዷን ለማስረጃ ይዣት መጥቼ ከብብቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬያለሁ። ነጭ ናት፣ አንገቷ ጥቁር ነው፣ እግሯ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክሩን የሰጠኝ ፈሪዱን ነው።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የፊተኛውን ጣቴን የፍርሃት፣ የአሁኑን የእውነት አድርጋችሁ ተቀበሉኝ።

የምስክሩ አውራ ጣት አሻራ፦ ተደርጓል

የጸሐፊው ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሩ ጣቱን ሲያኖር ለማስረጃ የቀረበችው ርግብ በመስኮት ወጥታ በርራለች። እኔ ዓብዱልወዱድ በፎቁ መስኮት ብቅ ብዬ ተከታትያታለሁ። ሁለት መንገድ ተሻግራ በኔክ ሙሐመድ ጣሪያ ላይ ከሌሎቹ ርግቦች መካከል ስታርፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያ ጣሪያ ላይ አዲስ ጭቃ የለም። ምስክሩ ርግብ አብራሪ ስለመሆኑ እኔም እመሰክራለሁ። እኔ ርግብ የለኝም፤ ቃሌ ይቆጠራል። ወረቀቱን ለተላላኪ ሳልሰጥ በእጄ ይዤ ወደ ቃዲው ቤት እየሄድኩ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ፊርማ፦ ዓብዱልወዱድ