ሳይዘረጋ የቀረ ክንድ

«ስትጠርግ ከቁም ሳጥኑ ሥር ጀምር፤ ፊት ለፊቱንማ ማንም ያየዋል» ይለኝ ነበር አባቴ። እሱም እንደኔ የዚሁ አዳራሽ ጠባቂ ነበር።

ና ተቀመጥ ወንድሜ። ፒያኖውን ቃኝተህ ጨረስክ? ወገብህስ ተሻለህ? እህትህ፣ ልጆቹ፣ ባለቤቷ የኦርኬስትራችን መሪ... እሳቸውማ ደህና ናቸው፤ የትናንቱን ጭብጨባ ሰምቼ የለ። አማችነት ደስ ይላል፤ አንድ ግቢ መኖር፣ ራት አብሮ መብላት፣ የዋሉትን መጫወት...

እኔም ደስ ብሎኛል። ያ ደብተር ከዕቃ ቤቱ ቁም ሳጥን ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲወጣ፣ በጉልበቴ የተንበረከክሁት እኔ አይደለሁ? ድሮ እዚህ ትሮምቦን ይነፋ የነበረው ሟች በእጁ የጻፈው ኮንቼርቶ ነው፤ አንድ ሰው ከፊት እየነፋ ኦርኬስትራው የሚያጅበው። ቀን እዚህ ከረባት አስሮ ከኦርኬስትራው ጋር፣ ማታ ጭፈራ ቤት ስዊንግ የሚሉትን የዳንስ ጃዝ ሲነፋ የኖረ ሰው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከተታቸው። ሲጀምር ቀጥ ብለህ ትቀመጣለህ፤ ቆየት ብሎ ትከሻህ አልታዘዝ ይልሃል።

አባቴ እንዳጫወተኝ፣ ሰውዬው ከመድረኩ ደረጃ ወድቆ ክርኑ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። ትሮምቦን ደግሞ ቱቦው እየተገፋና እየተሳበ ነው የሚነፋው። ስለዚህ ለራሱ ሲጽፍ፣ ቱቦውን እስከ ጫፍ መግፋት የሚጠይቅ ድምፅ አንድም አላስገባም።

ደብተሩን በሁለት እጄ ለእሳቸው ሰጠሁ። ሦስት ክፍል ያለው መስሎኝ ነበር... በኋላ «ሦስተኛው ጠፍቷል፣ እኔው ደረስኩለት» አሉ። እንግዲህ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ እስከ ሦስት መቁጠር ቀላል ነው እንዴ? እሳቸው የተማሩ ናቸው፤ ሁለት ካሉ ሁለት ነው።

ትጋታቸውስ። በሁለት ሳምንት ጨረሱት። አሁን ትሮምቦኑን የምትነፋው ልጅ ልምምድ ላይ ምን አለችኝ መሰለህ? «አባባ፣ ሦስተኛውም ላይ ክንዴ አንዴ እንኳ አልተዘረጋም።» የእሳቸው ክርን ደህና ነው አይደል? ትናንት ጭብጨባውን ሲቀበሉ እጃቸው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ለሟቹ ክብር ሲሉ ስብራቱንም አብረው ጻፉለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ከወዴት ይገኛል...

የሟቹ ልጅ አሥረኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ከነፊዋ ቀድማ ማንጎራጎር ጀመረች። ባለፈው ወር የተደረሰ ዜማ... ቶሎ የሚለመድ ነገር መድረስ እኮ ተሰጥኦ ነው። ስትወጣ ፕሮግራሙን አሳየችኝ፤ የአባቷ ስም በቀጭኑ፣ የእሳቸው በወፍራሙ። ሙዚቃው ተቀድቶ የሚወጣበት ዲስክ ሽፋንም ሐሙስ እንዲሁ ሆኖ ይታተማል አሉ። ምን ልበላት? ጸልዪ አልኳት። እኔም ጸለይኩ፤ ለእሳቸው። ሐሙስ ገና ሦስት ቀን አለው፤ በሦስት ቀን ስንት የጠፋ ወረቀት ይገኛል።

ብቻ ዛሬ ራት ላይ አንድ ምርቃት አድርስልኝ። ሰው ሲበተን ኮት መስቀያው ጋ የማላውቃቸው ሽማግሌ እጄን ያዙኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን ትሮምቦን የነፉ ናቸው። መነጽራቸውን ረስተው ፕሮግራሙን አላነበቡትም። ምርቃት ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ሲቀር ይከብደኛል፤ አንድም ቃል ሳታጎድል ንገርልኝ፣ አሜንም በልላቸው። ሽማግሌው ያሉኝ ይህን ነው፦ «ያን ሦስተኛውን ክፍል የጻፈውን ሰው፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።»