ሃዝ ቢን እና ሃዝ ጎን

ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት የልጇን ደብተር ገልጣ አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«አስተምሬው ነው ጡረታ የወጣሁት።»

«እንግዲያው እግዜር ነው ያገናኘን። ሃዝ ቢን እና ሃዝ ጎን ልዩነታቸው ምንድን ነው? ልጄ ትናንት የቤት ሥራዋን አስረጂኝ ስትለኝ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።»

«ቀላል ነው። ሰውየው አዳማ ደርሶ ከተመለሰ ሃዝ ቢን እንላለን። ሄዶ ገና ካልተመለሰ ሃዝ ጎን።»

«መጣሁ እያለ ቢደውልስ?»

«ቢደውልም ራሱ ካልመጣ ሃዝ ጎን ነው።»

«በየዓመቱ ለፋሲካ እመጣለሁ እያለስ?»

«ልጄ፣ መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ምሳሌ የለም።»

«እኛ ቤት አለ» አለች እየሳቀች። «አባቷ ሃዝ ጎን ነው ማለት ነው።»

ሽማግሌው ደብተሩን ቀስ ብለው ከደኑት።

«ለልጅቷ የአዳማውን ምሳሌ ንገሪያት።»

«የለም ጋሼ፣ የአባቷን ነው የምነግራት። የአዳማውን ትረሳዋለች።»

እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ፣ ከቤት ከወጣ ዓመታት ላስቆጠረው ታላቅ ወንድሜ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን በልቤ ሞከርኩ።